«ካድሽኝ» ስላት «አልከዳሁሽም» አለችኝ

ጠያቂዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ የቋንቋ ነው፣ ሰበቡ ግን የግል ነው። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ሁለት ዓመት አብሮኝ የቆየ ፍቅረኛ ነበረኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማትለየኝ ጓደኛም ነበረችኝ። አሁን ሁለቱም የሉም፣ አብረው ናቸው። ይሁን። ያንገበገበኝ ግን ነገሩን ከሌላ ሰው መስማቴ ነው። ማታ ማታ ስለ እሱ የማወራው ለእሷ ነበር። «ዛሬም አልደወለም» ስላት «ሥራ በዝቶበት ነው፣ ተረጋጊ» ትለኛለች። ለካ ያን ሰዓት ስልኩን ገና ከእሷ ጋር ዘግቶ ነው።

በጆሮዬ የሰማሁትን ይዤ ጠየቅኳት። «ማን እንዲህ አለሽ?» ብላ ሳቀች። ነገሩ ሲረጋገጥ አንዲት ቃል ብቻ ጻፍኩላት፦ «ካድሽኝ»። ከሦስት ቀን በኋላ መለሰችልኝ፦ «እኔ አልከዳሁሽም»።

ደጋግሜ አነበብኩት። የሆነ ነገር አልገጥም አለኝ። የጻፍኩትና የተመለሰልኝ ቃል አንድ ናቸው? ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት? «ካደ» እና «ከዳ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦

እህቴ፣ በቅድሚያ አይዞሽ። ደግሞም ጆሮሽ አልተሳሳተም። ጓደኛሽ የመለሰችው ያልተጠየቀችውን ነው።

ሁለቱ የተለያዩ ግሶች ናቸው። «ካደ» ብለን «ይክዳል፣ ክዶ፣ መካድ» እንላለን። «ከዳ» ብለን ደግሞ «ይከዳል፣ ከድቶ፣ መክዳት»። ልዩነቱ የአንዲት ጭረት ስለሆነ ዓይን ይስታቸዋል። በተለይ በስልክ ስንጻጻፍ የትኛውን እንደጻፍን ራሳችንም ልብ አንለውም። ግን «አትካጂኝ» ሌላ ነው፣ «አትክጂኝ» ሌላ። የመጀመሪያው «የነበረውን አልነበረም አትበዪኝ» ነው። ሁለተኛው «ጥለሽኝ አትሂጂ» ነው።

«ከዳ» የመሄድ፣ የመታጣት ቃል ነው። ወታደር ጦሩን ከድቶ ይሄዳል። ዕድል ይከዳል። ብዙ የቆመ ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል፣ መድረክ ላይ የወጣ ሰው ድምፁ ይከዳዋል። ጉልበትና ድምፅ ተንኮል የላቸውም እኮ። አብረውሽ የነበሩ ነገሮች በምትፈልጊያቸው ሰዓት ከቦታቸው ታጡ ማለት ነው፣ በቃ።

«ካደ» ግን የአፍ ሥራ ነው። ብድር የወሰደ ሰው ሲጠየቅ «መቼ ሰጠኸኝ?» ካለ ገንዘቡን ካደ እንላለን። ገንዘቡን ይዞ ከተሰወረ «ይዞብኝ ጠፋ» እንጂ «ካደኝ» አንልም። ለመካድ ፊት ለፊት መቆም ያስፈልጋል። ፊርማውን ካደ፣ ልጁን ካደ፣ ሃይማኖቱን ካደ። በሁሉም ውስጥ አስቀድሞ የነበረ አንድ ነገር አለ። ያንን ነገር ደግሞ «አላውቀውም» የሚል አፍ አለ።

አሁን ወደ መልእክቶቻችሁ እንመለስ። አንቺ ያልሻት «ዓይኔን እያየሽ ዋሸሽኝ» ነው። እሷ የመለሰችው «እኔ ጥዬሽ አልሄድኩም» ነው። አሁንም ጓደኛሽ ነኝ እያለች ነው። አውቃ ይሁን ሳታውቅ ክሱን ቀይራ መልስ ሰጠች። ጠበቃ ቢሆን ጎበዝ ይባል ነበር።

ስለ ሥሩ ትንሽ ልጨምር። «ካደ» በግእዝ «ክሕደ» ነው። መሐል ላይ ያለችው «ሐ» አማርኛ ውስጥ ስትጠፋ የፊተኛዋን ፊደል አስረዝማ ሄደች። ብቻዋን አይደለችም፣ «ሠሐቀ» «ሳቀ» ሆኗል፣ «መሐረ» ደግሞ «ማረ»። ሳቀ፣ ካደ፣ ማረ። በአንድ መንገድ የመጡ ሦስት ግሶች ናቸው። ቅደም ተከተላቸው ያንቺን ታሪክ መምሰሉ ገረመኝ። ሦስተኛው ላይ ትደርሺ እንደሆነ ያንቺ ጉዳይ ነው።

የጠፋችው «ሐ» ስሞቹ ላይ ተመልሳ ትመጣለች። ከ«ማረ» «ምሕረት» እንደምንለው ከ«ካደ» «ክህደት» እንላለን። ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዛሬው አነጋገር «ክህደት» የሁለቱንም ግሶች ሥራ ይሠራል። ጥሎ የሄደውም «ክህደት ፈጸመ» ይባላል፣ ቆሞ የዋሸውም «ክህደት ፈጸመ» ይባላል። ስለ ሰውየው ስንናገር ግን ልዩነቱ አሁንም አለ፦ የከዳው «ከዳተኛ» ነው፣ የካደው «ከሃዲ»። እኔ ሁለቱን ባንደባልቅ እመርጣለሁ፣ ጉዳታቸው አንድ አይደለምና።

እንዴት እንደሚለያይ በፍቅረኛ እንየው። አንድ ሰው «ከእንግዲህ አልችልም» ብሎ ቢሄድ ከዳሽ። ያማል። ግን ሁለቱ ዓመታት ያንቺው ናቸው፣ ፎቶዎቹም እውነት ናቸው። ሌላው ግን «ድሮም ወድጄሽ አላውቅም» ብሎ ቢሄድ ያ ካደ። ይኼኛው ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውንም ይዞብሽ ይሄዳል። የትኛው ቀን እውነት እንደነበር መቁጠር ትጀምሪያለሽ። እንቅልፍ የሚነሳው ይኼኛው ነው።

የ«ካደ» ተቃራኒ ምንድን ነው ብትዪኝ «አመነ» ነው እልሻለሁ። «አመነ» ደግሞ ጉደኛ ቃል ነው። «አመንኩሽ» ማለት እምነቴን ጣልኩብሽ ነው። «ጥፋቴን አመንኩ» ማለት ደግሞ አልሸሸግኩም ነው። ፍርድ ቤት ተከሳሽ «የእምነት ክህደት ቃል» ሲጠየቅ እምነቱ ያ ሁለተኛው ነው፦ አድርጌአለሁ ትላለህ ወይስ አላደረግኩም? ስለዚህ አንቺ በመጀመሪያው ትርጉም አመንሻት፣ እሷ በሁለተኛው ትርጉም አላመነችም። አንድ ግስ ሁለታችሁ መሐል ቆሞ ነበር፣ አንቺ ጋ ሲሠራ እሷ ጋ ቆመ።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» እንላለን። ጥሩ ተረት ነው፣ ግን ለዚህ ጉዳይ ጠባብ ነው። ፈረስ ይከዳል እንጂ አይክድም። ጥሎሽ ሲያበቃ «ማን ጣለሽ?» ብሎ አይጠይቅም።

ልዩነቱን ከየትኛውም መዝገበ ቃላት በላይ አጥርቶ የሚያሳየው ግን የወንጌሉ የሕማማት ታሪክ ነው። በአንዲት ሌሊት ሦስት ዓይነት ጥፋት ተፈጸመ፣ ለሦስቱም የተለያየ ቃል አለ። ይሁዳ አሳልፎ ሰጠ። ደቀ መዛሙርቱ ትተው ሸሹ። ጴጥሮስ ካደ። ልብ በዪ፣ ጴጥሮስ አልሸጠም። ጭራሽ ተከትሎ ግቢ ድረስ ገብቷል። አካሉ እዚያው ነበር፣ «አላውቀውም» ያለው አፉ ነው። በቦታው እያለ ካደ። ጓደኛሽ «አልከዳሁሽም» ስትል እውነቷን ሊሆን ይችላል የምልሽ ለዚህ ነው። ማታ ማታ የነገርሻትን ለእሱ አሳልፋ አውርታለት ከሆነ ግን የመጀመሪያው ቃልም ሳያስፈልገን አይቀርም።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ እኔም ክጃለሁ። የጓደኛዬን ፍቅረኛ ለብቻዋ ማግኘት ጀምሬ ነበር። ያኔ «ምንም አላደረግንም» እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን ሳስር መጣና «ታገኛታለህ እንዴ?» አለኝ። ቀና አላልኩም። «የትኛዋን?» አልኩት። ክሩ ታስሮ አልቋል፣ እኔ ግን ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። እሱ የትኛዋን እንደሆነ ሳይነግረኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆንን። «የትኛዋን?» ውስጥ «አላውቅም» የሚል ቃል የለም፣ ውሸትም ብለሽ አትይዢውም። ግን ከዚህ የባሰ ክህደት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ያንቺዋ «ማን እንዲህ አለሽ?» ብላ ሳቀች ስትዪ ያ ክር ትዝ አለኝ።

ሌላ አባል፦

ነገሩን አረዘማችሁት። እኛ በደጉ ጊዜ ይህን «ነጠቀችኝ» ወይም «ቀማችኝ» ነበር የምንለው። ቃሉ ግልጽ ነው፣ ያንቺ የነበረውን ወሰደች። «የፍቅር ሦስት ማዕዘን» የሚሉትም አለ አሁን። ለመሆኑ «ጣውንት» ማለትስ ለዚህ አይሆንም?

መልስ፦

እርስዎ ያነሷቸው ቃላት ደኅና ናቸው፣ ግን አንድ በአንድ ይፈተሹ።

«ፍቅረኛዬን ቀማችኝ» ሲባል ፍቅረኛው ምን ሆነ? ዕቃ ሆነ። ቦርሳ ይቀማል፣ መሬት ይቀማል። ቦርሳ በገዛ እግሩ አይሄድም፣ እሱ ግን በገዛ እግሩ ሄዷል። ስለዚህ «ነጠቀች» ስንል ሳናውቀው ሰውየውን ነጻ እናወጣለን፣ ጥፋቱ ሁሉ ጓደኛዋ ላይ ይከመራል። ብዙ ጊዜ የሚደረገውም ይኸው ነው። ሁለት ጓደኛሞች ፀጉር ይነጫጫሉ፣ መሐል ላይ ያለው ሰው እንደ ጠፋ ዕቃ ቁጭ ብሎ አሸናፊውን ይጠብቃል። ለእሱ የሚሆነው ተረት «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ነው። ግን እየተወጣ ነው መሰለኝ።

«ጣውንት» አይሆንም። ጣውንት የሚባሉት አንድ ባል ያላቸው ሴቶች ናቸው፣ ሁለቱም ስለ መኖራቸው ያውቃሉ፣ ሌላውም ሰው ያውቃል። የጠያቂያችን ነገር የተደበቀ ነበር። መደበቁን የሚያሳየው «ውሽማ» ነው፣ ይህ ቃል ወንድም ሴትም አይመርጥም። በነገራችን ላይ አንድ ወንድ ለሚጋሩ ሴቶች «ጣውንት» የሚል ራሱን የቻለ ቃል ሲኖረን፣ አንዲት ሴት ላይ ለሚራኮቱ ወንዶች «ባላንጣ» ወይም «ተቀናቃኝ» የሚለውን ከጠብ ሜዳ እንበደራለን። ማን ማንን ሊጋራ ይችላል ተብሎ ይታሰብ እንደነበር ቃላቱ ራሳቸው ያሳብቃሉ።

«ሦስት ማዕዘን» ለኔ አይጥመኝም። በትርጉም የገባ ነው፣ ያ ብቻ ቢሆን ግድ የለም። ሦስት ማዕዘን ሲሥሉ ሦስቱ ጫፎች ሁሉ በግልጽ ይታያሉ። በእንዲህ ያለ ፍቅር ውስጥ ግን አንደኛው ሰው ሁለት ነጥብና አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያየው። ሦስተኛው መስመር እንደተሠመረ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው።

እኔን የሚገርመኝ አማርኛ ይህን ሁሉ በአንዲት ፊደል መጨረስ መቻሉ ነው። «ብ»ን ማለቴ ነው። «ጓደኛዬ አገባችልኝ» ስትል አንዲት ሴት ደስታዋን እያካፈለችን ነው። «ጓደኛዬ አገባችብኝ» ስትል ግን ወንበር ስበን መቀመጥ አለብን። ያገባችው ማንን እንደሆነ ሳይነገረን ገብቶናል። «ቀናልኝ» ነገሬ ተሳካ ነው፣ «ቀናብኝ» ያ መሳካቴ የሆነ ሰው ዓይን ገባ። ማገጠብኝ፣ ወሰለተብኝ፣ ሄደብኝ፣ ሁሉም በ«ብ» ነው ጉዳታቸውን የሚናገሩት። ያለ እሷ «ሄደ» ምንም ጥፋት የለበትም። «ካደ» እና «ከዳ» ግን የ«ብ»ን እርዳታ አይፈልጉም። «ካደኝ»፣ «ከዳኝ» ብቻውን ይበቃል፣ ጉዳቱ ግሱ ውስጥ ተቀምጧል።

ሦስተኛ አባል፦

ሰላም ጀለሶች። እኛ ሰፈር «ጠበሰብኝ» ነው የሚባለው፣ እሱም በ«ብ» ነው ማለት ነው። ጥያቄ ግን አለኝ። እሷስ ወዳው ቢሆን? ፍቅር ከያዘሽ ምን ታደርጊያለሽ? ሁሉ ሰው ጓደኛዋን ነው የሚወቅሰው፣ ሰው ደግሞ ማንን እንደሚወድ አይመርጥም።

መልስ፦

ጥሩ አነሳኸው። ደግሞ የተጠቀምክበትን አረፍተ ነገር እየው። «ፍቅር ያዘኝ» ነው የምንለው፣ ልክ «ጉንፋን ያዘኝ» እንደምንለው። ባለቤቱ ፍቅር ነው፣ እኔ ተያዥ ነኝ። ሰዋስዉ ራሱ ጥፋተኛ አያደርገኝም። «ፍቅር ያዛት» ብለህ እሷን ብትከላከል እኔም እስማማለሁ። ማንንም ሰው በመያዙ አንከስም።

«ካደች» ላይ ግን ባለቤቷ እሷ ናት። ፍቅር ካደ አይባልም፣ ሰው ነው የሚክደው። በፍቅር መያዟና «ተረጋጊ፣ ሥራ በዝቶበት ነው» ማለቷ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን አልመረጠችውም እንበል። ሁለተኛውን ግን ስልክ አንሥታ፣ ድምፅዋን አስተካክላ፣ ስንት ማታ ደጋግማ ተናግራዋለች። «ይዞኛል፣ አልቻልኩም፣ ከኔ ስሚው» ብላ ቢሆን ኖሮ ጠያቂያችን ዛሬም ታለቅስ ነበር። የምትጽፈው ቃል ግን «ካድሽኝ» አይሆንም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። «ወዳጅ» የሚለውን ቃል አስቡት። ከ«ወደደ» ነው የመጣው። «የልብ ወዳጄ ነው» ስንል ጓደኛ ነው፣ «ወዳጅ ያዘች» ሲባል ግን ሌላ ነው። «ጓደኛ»ም ሰሞኑን እንዲሁ ሆኗል። «ጓደኛዬን ላስተዋውቅህ» ሲሉህ ፊታቸውን አይተህ ነው የምትለየው። ፍቅርና ጓደኝነት አማርኛችን ውስጥ ድሮም አጥር የላቸውም። ስለዚህ ያን አጥር ዘለልሽ ብሎ መክሰስ ከባድ ነው። መጠየቅ የሚቻለው ሲዘልሉ ለምን እንዳልተናገሩ ነው።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ እንደገና ጻፍኩላት። «መክዳትሽን አይደለም ያልኩሽ፣ መካድሽን ነው» አልኳት። ቋንቋ አስተማሪ የሆንኩ መሰለኝ፣ እየጻፍኩ ራሴን ሳቅ ሳቅ አለኝ። ብዙ ሰዓት አለፈ። ከዚያ «እሺ፣ አምናለሁ» ብላ መለሰች።

እንግዲህ ይኸኛው የትኛው «አመነ» እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ጥፋቷን ማመኗ ይመስለኛል። ከስሩ «ይቅር በይኝ» የሚል አለበት። የመጨረሻ ጥያቄዬ እሱ ነው። «ይቅር» ከምን የመጣ ነው?

መልስ፦

ከ«ቀረ» ነው። «ይቅር» ማለት «ይተው፣ አይሁን» ነው። «እንሂድ ወይስ ይቅር?» እንደምንለው። ስለዚህ «ይቅር በይኝ» ስትልሽ፣ በደሌ እዚያው ይቅር፣ አብሮን አይምጣ ማለቷ ነው። በደሉ ይቀራል፣ ሰውየው ይቀጥላል፣ እንደዚያ ነው አሠራሩ።

ጠያቂዋ፦

ገባኝ። እንግዲያው ይቅር ብያታለሁ። እሷ ግን ትቅርብኝ።